ያልተንኳኳው ቧንቧ

ባለፈው ጥቅምት ቤተ ክርስቲያናችን በምትከራየው አዳራሽ የጡረታ ግብዣ ተደረገልኝ። ያዘጋጀችው ልጄ ማርታ ናት። ምግቡ ካበቃ በኋላ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳችና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጀርመንኛ ንግግር አደረገች። ስለ ቁጣዬ አወራች፤ ሰው ሳቀ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ቆሜ እንደምጠብቅ አወራች፤ አሁንም ሳቁ። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም። እኛንም የሚቀጣን ስንዋሽ ብቻ ነበር» አለች።

ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት ጋሽ ታደለ ናቸው።

ጋሽ ታደለ የማርታ የክርስትና እናት ባል ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሰባት ደርሷል። እኔ የዋሸሁትን ውሸት የሚያውቁት በዚህ ከተማ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ሁለተኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያጨበጨቡ ነበር። ተነስቼ ልጄን ላርማት አሰብኩ፤ አልተነሳሁም። አመሰግናለሁ ብዬ ኬኩን ቆረስኩ።

ይህን የምጽፈው ለልጆቼና ከእኛ በኋላ እዚህ አገር መጥተው ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ነው። ሽማግሌ ስለ ሥራ ዘመኑ ሲጽፍ ራሱን ማሳመር ይወዳል። እኔም ብሆን እወድ ነበር።

የማውቀው ሙያ አንድ ነው፤ ሙቅ ውሃ በቧንቧ ውስጥ እንዲሄድ ማድረግ። አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። በሱዳን በኩል አድርጌ ፍራንክፈርት ስደርስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራ ያገኘሁት ፕሮይንገስሃይም ከሚባለው ሰፈር አጠገብ በነበረው የአሜሪካ ጦር ካምፕ፣ በማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ደመወዙ ከፋብሪካ ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። ካምፑ ከተማ ውስጥ ያለ ሌላ ከተማ ነበር፤ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ሲኒማ ቤት ሳይቀር ነበረው። ያንን ሁሉ የሚያሞቀው፣ ውሃ ከሚሞቅበት ከአንድ ቦይለር ቤት የሚወጣ ቧንቧ ነበር።

ጋሽ ታደለ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድመው ተቀጥረው ነበር። ደሴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህ ቱታ ለብሰው ቫልቭ ይቀቡ ነበር፤ በቱታው ላይ ግን ሁልጊዜ ባርኔጣ ያደርጋሉ። የቦይለሩን መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ ስጀምር መዝገበ ቃላታቸውን አዋሱኝ። በምሳ ሰዓት አጠገቤ ይቀመጡና፣ «ይህን ቃል ትናንት ጠይቀኸኛል። ሁለተኛ አልነግርህም፤ ገጹን ግለጥ» ይሉኛል። በዚህ ዓይነት በአራት ዓመት ጀርመንኛውንም ሙያውንም ያዝኩ። ፈተና ወስጄ አለፍኩ። እሳቸው አልተፈተኑም፤ «በእኔ ዕድሜ ለፈተና አልቀመጥም» አሉ። በዚህ ምክንያት አንድ የማይመች ነገር ተፈጠረ። ፊርማ ያለኝ እኔ ሆንኩ፤ የእሳቸውን ሥራ ተቀብዬ የምፈርመው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።

አለቃችን ሄር ሎሬንስ ይባል ነበር፤ ሄር አቶ ማለት ነው። አጭር፣ ከቱታው ሥር ከረባት የሚያስር ጀርመናዊ ነው። የእጅ ሥራውን የተማርኩት ግን ከእሱ ልማዶች ነው። ቧንቧ ሲነካ በእጁ ጀርባ ነበር የሚነካው፤ የሠራተኛ መዳፍ ደድሮ ሙቀት አይለይም ይላል። ቫልቭ ከዘጋ በኋላ በነጭ ጠመኔ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ይጽፍበታል፤ ማን እንደዘጋው እንዲታወቅ። ከሁሉም በላይ ያንኳኳ ነበር። የመፍቻውን ጭራ ይይዝና ቧንቧውን መታ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ውሃ የሞላው ቧንቧ ድምፁ አጭርና የታፈነ ነው። ባዶው ይጮሃል፤ ጩኸቱም ትንሽ ይቆያል። አንድ ጊዜ ራሱ በሠራው መስመር ላይ ሲያንኳኳ አይቼ፣ «ይህንን እኮ ትናንት አንተው ነህ የሠራኸው» አልኩት።

«ለዚህ ነው የማንኳኳው» አለኝ። «የሌላውን ሰው ስህተት ሌላ ሰው ያይለታል። የእኔን ማን ያይልኛል?»

ይህ በእኛ ዘንድ የሌለ ነገር ነበር። እኛ ጋ ሰውን ተከትሎ ሥራውን መፈተሽ ስድብ ነው። ታላቅን ተከትሎ መፈተሽ ደግሞ ከስድብም ይብሳል።

ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመንን የለየው ግንብ ፈረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ መጣ። መጀመሪያ ማንም አላመነም፤ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ጦር እንዴት ይወጣል? ከዚያ ሣጥኖቹ መጡ። በየደጁ የእንጨት ሣጥን ተደረደረ። ትልልቆቹ መኪኖች ወደ ወደብ ተነዱ። ቢጫዎቹ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች አንድ ጠዋት አልመጡም፤ ከዚያ ወዲያም አልመጡም። የኳስ ሜዳው ሣር እስከ ጉልበት አደገ። በየቆሻሻ መጣያው አጠገብ የልጆች ብስክሌት ተደግፎ ቀረ። ሠላሳ ዓመት እዚያ የሠሩ ጀርመኖች ቁልፍ እያስረከቡ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በካምፑ ውስጥ ሲሄዱ የራስ ኮቴ መሰማት ጀመረ።

ከማሞቂያ ክፍሉ አርባ ሠራተኛ ሠላሳ ሰባቱ እንደሚሰናበት ተነገረን። ሕንፃዎቹን የሚረከበው ከተማው ስለሆነ፣ ሄር ሎሬንስ ሁለት ሰው መርጦ ይዞ ይቀራል ተባለ። አንድ ቀን በቦይለሩ ፊት ለብቻችን ጠርቶን፣ «አንተና ታደለ ናችሁ። ግን ሕንፃዎቹን ያለ እንከን ካስረከብን ነው» አለን። ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸውንም ያማቸው ነበር። ከዚያ ሥራ ቢወጡ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የእኔ ማርታ ደግሞ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ወንድሟም ተፀንሶ ነበር።

ክረምት ነበር። ቦይለሩ ሲጠፋ በየሕንፃው ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ መውጣት አለበት፤ አለዚያ በረዶ ይሆንና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ሥራው እንዲህ ነው። ማስገቢያው ይዘጋል። ምድር ቤት ያለው ማፍሰሻ ይከፈታል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ፎቅ ተወጥቶ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ያለው የእያንዳንዱ ራዲያተር ማስተንፈሻ ይከፈታል፤ አየር ከላይ ካልገባ ውሃው አይወርድም። ልጆች የለስላሳ መጠጫውን ቀሰም በጣታቸው ደፍነው ሲያነሱት ፈሳሹ ውስጡ ተንጠልጥሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። ማፍሰሻው መፍሰሱን ያቆማል፤ የማያውቅ ሰው አለቀ ይላል፤ ውሃው ግን ላይ ቆሟል። ይህን የሚለየው ማንኳኳት ብቻ ነው። የርክክቡ ፕሮቶኮል ላይ ከፊርማዬ በላይ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ራሴ ፈትሼ ባዶ መሆኑን አረጋግጫለሁ ይላል።

በጥር አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ማስረከብ ነበረብን። አንዱን እኔ፣ ሌላውን ጋሽ ታደለ ያዝን። የእኔን ጨርሼ ስመጣ እሳቸው ከደረጃው ሥር ቆመዋል። አሜሪካዊው ሳጅን ወረቀቱን ይዞ በር ላይ በእግሩ መሬቱን ይመታል፤ ብርዱ ፊት ይቆርጣል።

«ጋሼ፣ አለቀ?»

«አልቋል። ማፍሰሻው ደርቋል።»

«ፎቆቹስ?»

«ወጥቼ ወርጃለሁ፣ ኃይሉ።»

መፍቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። ከደረጃው ጎን ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ ከእኔ ሁለት እርምጃ ይርቃል። መፍቻውን አውጥቼ አንዱን እርምጃ ተራመድኩ።

«ምነው፣ አታምነኝም?» አሉ። በሳቅ ነው ያሉት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ጀርመንኛ ማንበብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ልጄን ክርስትና አንስተዋል። እኔ ማን ሆኜ ነው ከኋላቸው የማንኳኳው?

«ኧረ ጋሼ! ምን ሆኜ!» አልኩና መፍቻውን ኪሴ ከተትኩት። ፈረምኩ። ሳጅኑ ከሠራዊቱ የቀረው ዕቃ ገና ስለሚጫን ወዲያው ሄደ። ጋሽ ታደለ ቀርተው በሩን ቆለፉ፤ ቁልፉንም ወስደው ለከተማው ሰው አስረከቡ።

ውርጩ ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ሙቀት መጣ፤ በረዶው ሲቀልጥ ያ ሕንፃ ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ ፈሰሰ። የማሞቂያ ውሃ ጥቁር ነው፤ ዓመታት በብረት ውስጥ ስለሚኖር ይሸታል። ጣሪያዎቹ ጎበጡ፣ የእንጨቱ ወለል ተነሳ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ውሃ እንደ ቀለም ወረደ። ከተማው በሚቀጥለው ሳምንት ቤት የሌላቸውን ቤተሰቦች ሊያስገባበት ነበር። አንዲት ሴት መጋረጃ ሰፍታ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። በፊት መስኮቱን ለክታ ነበር። መጋረጃውን በደረቷ ታቅፋ ተጠልላ ወደነበረችበት የስፖርት አዳራሽ ተመለሰች። በዚያ ዓመት ማንም አልገባበትም።

ጠሩን። የሄር ሎሬንስ ቢሮ ዕቃው ሁሉ ተወስዶ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ብቻ ቀርቶበት ነበር። ሄር ሎሬንስ፣ የከተማው ሰውና እኔ ተቀመጥን። ጋሽ ታደለ ወንበር ስላልነበረ ቆሙ። እሳቸው ቆመው እኔ ስቀመጥ በሕይወቴ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ተነስቼ ወንበሬን እንኳ አልሰጠኋቸውም።

ሄር ሎሬንስ ፕሮቶኮሉን ወደ እኔ ገፋው።

«ኃይሉ፣ አንኳኩተሃል?»

አላንኳኳሁም ብል ፊርማዬ ሐሰት ነው። ሥራው ቀረ። ከሥራው ጋር የመኖሪያ ፈቃዴም ምን እንደሚሆን አላውቅም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ነው።

«ያ» አልኩ። አዎ ማለት ነው። አንዲት ፊደል ናት።

«ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር።»

የከተማው ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ባዶ ከነበረ ማን ሞላው? መጨረሻ ላይ ቁልፉ በማን እጅ ነበር?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ታደለ ዞሩ። እሳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። ጀርመንኛቸው ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። እኔም ገና መናገር እችል ነበር፤ እስኪናገሩ ድረስ ያለው ጊዜ ሁሉ የእኔ ነበር። ጠበቁኝ። አልተናገርኩም።

«ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር» አሉ በጀርመንኛ። የሥራ ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በእኔ በኩል ሲያልፉ በአማርኛ፣ «እሺ ኃይሉ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሥራው ለእኔ ሆነ። ሄር ሎሬንስ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሳም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ያንኳኳሁትን ቧንቧ ሁሉ ከኋላዬ መጥቶ ያንኳኳ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ፣ አንድ ጊዜ እሱ። በባዶው ሕንፃ ውስጥ ሁለተኛውን ምት ስሰማ ጆሮዬ ይቃጠል ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ታደለ አንድ ትልቅ ኩሽና ውስጥ ሰሃን ማጠብ ጀመሩ። በዚያ ጉልበታቸው አሥር ዓመት ቆመው አጠቡ። ቤተ ክርስቲያን እሁድ እሁድ እንገናኛለን። ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፣ ጤና እንጠያየቃለን፤ አልፎ አልፎም ማርታን ሊያዩ ቤት ይመጣሉ። ሠላሳ ዓመት ከዚህ አላለፍንም።

እኔ ቤቴ ውስጥ ቁጡ ሆኜ ነበር። ማርታ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ደብቃ «አልተሰጠኝም» ብላ ዋሸችኝ። እውነቱን እስክትናገር ኮሪደር ላይ አቆምኳት። ሁለት ሰዓት ቆመች። በዚያ መሐል ጋሽ ታደለ ሊጠይቁን መጡ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ዋሽታ ነው፣ ጋሼ።»

«ውሸት ለስንት ሰዓት ነው የሚያስቆመው?» አሉኝ። ልጅቷን አስቀመጥኳት። አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችንን አብዝተን የምንቀጣው ራሳችን ባለብን ጥፋት ነው። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ የልጄ እግር ከደከመ በኋላ።

ካምፑ ፈርሶ ግማሹ ሰፈር ሆነ። እኔ ኒደርራድ ወደሚባለው ሌላ የከተማው ሰፈር ተዛወርኩ። ሊዮነር ጎዳና ላይ ባሉት የቢሮ ሕንፃዎች ምድር ቤት ሃያ ዓመት ሠራሁ። እዚያ ሁሉ ነገር በስክሪን ይታያል፤ ግፊቱም ሙቀቱም በቁጥር ይመጣል። ወጣቶቹ ቴክኒሻኖች ሳንኳኳ ሲያዩኝ ይስቁ ነበር። አንድም ቀን ሳላንኳኳ አልፈረምኩም። አለቆች ጥንቃቄ ነው ብለው አመሰገኑኝ። ጥንቃቄ አልነበረም። ዛሬም በዜና ላይ የቀረው የአሜሪካ ጦር ከጀርመን ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር ሲነሳ ሰው ስለ ፖለቲካው ያወራል። እኔ የማስበው ግን ከቀሩት ካምፖች በአንዱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው መፍቻውን ኪሱ እንዳይከት ነው።

ከግብዣው በኋላ አራት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ጠዋት ቦርንሃይም ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ጋሽ ታደለ የሚኖሩት ከበርገር ጎዳና ገባ ብሎ ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለብቻቸው ናቸው። ቤት ውስጥም ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከፈቱልኝ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ያን ቀን አላንኳኳሁም። አንኳኩቻለሁ ብዬ ዋሽቼ እርስዎን አስወጣሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ቁጭ በል መጀመሪያ። አንገቴን አታሳምመኝ።» ተቀመጥኩ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔም የምነግርህ አለኝ። ያን ቀን የወጣሁት እስከ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ጉልበቴ አልሄድም አለኝ። ከዚያ በላይ ያሉትን ማስተንፈሻዎች አልነካሁም። ማፍሰሻው ሲደርቅ አልቋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ።

«አታምነኝም ወይ ያልኩህ እንዳታንኳኳ ብዬ ነው። እንደምታፍረኝ አውቅ ነበር። በእሱ ተጠቀምኩ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?»

«እስክትናገር ጠበቅሁህ። አልተናገርክም። እኔ ብናገር ደግሞ ሁለታችንም እንወጣለን፤ ልጅ ነበረህ። ቢያንስ አንዳችን ሥራው ላይ እንቆይ ብዬ ነው። ጻድቅ አታድርገኝ ግን። አሥር ዓመት ሰሃን ሳጥብ በየቀኑ ረግሜሃለሁ። እሁድ ሲሆን ደግሞ እስምሃለሁ። ሰሃኑ አይደለም ያደከመኝ፤ መሳሙ ነው።»

«ግብዣው ላይ ቀድመው ያጨበጨቡትስ?»

«ምን ላድርግ? ልጅቷ ብቻዋን ቆማ! አንተ እንደሆነ አልተነሳህላት።»

ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁና ራዲያተሩን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ታቹ ይሞቃል፣ ላዩ ቀዝቃዛ ነው።

«አየር ይዟል፣ ጋሼ።»

«ትናንት አስተንፍሼዋለሁ። ሞልቷል።»

የማስተንፈሻዋ ቁልፍ እስከ ዛሬ ከቤቴ ቁልፍ ጋር ታስራ ኪሴ ውስጥ ናት። አወጣኋት። ጋሽ ታደለ ቁልፏን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምነው፣ አታምነኝም?» አሉ።

«አላምንዎትም፣ ጋሼ» አልኩና አንኳኳሁ።

ጮኸ። ላዩ ባዶ ነበር። ጋሽ ታደለ ከዘራቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አላማረም። ኩባያ ደግኜ ማስተንፈሻውን ከፈትኩ። አየሩ ሲፍ እያለ ወጣ፤ ከዚያ ጥቁሩ ውሃ መጣ፤ ያው የማውቀው ሽታ። እየዘጋሁት ሳለ የታችኛው በር ደወል ተደወለ።

«ማርታ ናት» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ ታመጣልኛለች።» ሳቁን አቁመዋል። «ይቅርታህን ተቀብያለሁ። እኔ ግን የማላውቀውን አልነገርከኝም፣ ኃይሉ። የማታውቀው እሷ ናት።»

ማርታ ሁለት ከረጢት ተሸክማ ገባች። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቴን ስታይ ይበልጥ ደነገጠች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ የራሷ ቤት አላት፤ ፊቴን ሳጠቁር ግን አሁንም ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል።

«ማርታ፣ ቁጭ በይ» አልኳት።

«ቫስ ሃብ ኢሽ ገማኽት?» አለች፤ ምን አጠፋሁ ማለቷ ነው። ከረጢቶቹን አላስቀመጠችም።

ጥቁሩን ውሃ የያዘውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ወንበሬን ለቅቄላት ቆምኩ።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት።